ስማቸው ይመለስ፦ የኳዙሉ-ናታል ምስሎችና የእጅ ሥራዎች ማኒፌስቶ

የአሮጌው ማህደር ዘመን አብቅቷል። በደቡብ አፍሪካ፣ በኳዙሉ-ናታል፣ የዙሉን ሕዝብ ፎቶግራፍ ሰብስቧል፣ ቆጥሯል፣ በካርቶን አሽጎ አስቀምጧል። ከጀርባው የጻፈው ግን «የዙሉ ሴት»፣ «ተዋጊ»፣ «ጠንቋይ» ብሎ ነው። ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ሸለቆ እንደመጣ፣ የያዘው ጦር የራሱ ይሁን የፎቶ ቤቱ፣ የጠየቀ አልነበረም። በፖስታ ካርድ ታትሞ ባሕር ተሻግሮ የተሸጠው ፊት ዛሬም ስም የለውም። እኛ የምንነሣው ከዚህ ነው። የአንድ አካባቢ ታሪክ ተጠበቀ የሚባለው ምስሉ ከነስሙ፣ ዕቃው ከነሙያው ሲጠበቅ ነው ብለን እናምናለን።

ለስም ቅድሚያ እንሰጣለን። ስም መመዝገብ ይቻል እንደነበር ማስረጃው እዚያው ኳዙሉ-ናታል፣ ደርባን ከተማ ውስጥ ተቀምጧል። የቅኝ አገዛዙ ዳኛ ጄምስ ስቱዋርት ከ1890ዎቹ መጨረሻ እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከሽማግሌዎች አፍ የሰማውን ሲጽፍ የተናጋሪውንም ስም ጽፏል። ወረቀቶቹ በኪሊ ካምቤል ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ከ1976 ጀምሮ በታተሙት ቅጾች ምስክሮቹ የተደረደሩት በየስማቸው ነው። ስቱዋርት የአገዛዙ ሰው ነበር፤ እሱን ልናወድስ አልተነሣንም። ነገር ግን ቃሉን የሰጠ ሰው በስሙ ከተጠራ፣ ፊቱን የሰጠ ሰው ስሙን የሚያጣበት ምክንያት የለም። ፎቶግራፈሩ ሳንቱ ሞፎኬንግ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ቤተሰቦች ከ1890 እስከ 1950 ባሉት ዓመታት ራሳቸው ፈልገው የተነሷቸውን ፎቶግራፎች ሲሰበስብ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው ብሎ ጠይቋል። ጥያቄውን ወርሰናል።

ፎቶግራፍ አንባቢ ይፈልጋል፤ አንባቢውም የእጅ ባለሙያው ነው። ያገባች ሴት ራሷ ላይ የምታደርገውን ኢሲቾሎ ተመልከቱ። በድሮዎቹ ፎቶግራፎች ከገዛ ፀጉሯ ተሠርቶ በቀይ አፈር የተለሰነ ትንሽ ቁንጮ ነበር፤ እየቆየ ሰፋ፤ በመጨረሻም የሚወልቅ ባርኔጣ ሆነ። ይህን የምታውቅ ሴት፣ ቀን ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ሲሰጧት ዘመኑን ትገምትላችኋለች። በኳዙሉ-ናታል የምሲንጋ አካባቢ ጨሌ ሠሪ ደግሞ የቀለሞቹን አሰላለፍ አይታ፣ አንገት ላይ ያለው ጨሌ የአገሯ ሥራ ይሁን የሌላ ሸለቆ ትለያለች። (ይህ ቀለም ፍቅር ነው፣ ያኛው ኀዘን ነው እያለ ለቱሪስት የሚሸጠውን ዝርዝር እርሱት፤ የቀለም ትርጉም ከቦታ ቦታ ይለያያል።) ስለዚህ ጨሌ ሠሪዋ ሥራዋ በመስታወት ሣጥን ተቆልፎ፣ እሷ ከበር ውጭ የምትቆምበት ጊዜ ይብቃ። መዝገቡን የምትጽፈው እሷ ትሁን። ለእውቀቷም ደመወዝ ይከፈላት።

ሸክላም ማህደር ነው። ኡካምባ የማሽላ ጠላ የሚጠጣበት ክብ ዕቃ ነው። ጭቃው እንደ ገመድ እየተድቦለቦለ ይደራረባል፤ ተለስኖ ይደርቃል፤ በእሳት ይበስላል፤ ሁለተኛ ጊዜ በጭስ ታፍኖ ይጠቁራል፤ ከዚያ ስብ ተቀብቶ እስኪያብረቀርቅ ይወለወላል። ጥቁረቱን የአያት ቅድመ አያት መንፈስ ይወደዋል ይባላል። ሸክላ ሠሪዋ ኔስታ ናላ ይህን ሙያ ከእናቷ ከሲፊዌ ተቀበለች፤ ለሴት ልጆቿ ለጃቡ፣ ለዛኔሌና ለቴምቢ አስተላለፈች። ሙዚየሞች ዕቃውን አስቀመጡ፤ ቤተሰቡ ሙያውን አስቀመጠ። ገንዘቡ ግን እስካሁን የሚፈሰው ወደ ሙዚየሞቹ ነው፤ ይህን እንገለብጣለን። ወግ ማለት ደርቆ የቀረ ነገር ነው የሚሉትንም አንቀበልም፤ የዙሉ የሌሊት ዘበኞች ዱላቸውን በስልክ ሽቦ መጠቅለል ሲጀምሩ ያስፈቀዱት ሰው አልነበረም፤ የስልክ ሽቦ ቅርጫት ዛሬ በየጋለሪው አለ።

የራሱን ታሪክ የሣለ ሕዝብ ታሪኩን ይዟል። የእኛ የኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች የዓድዋን ድል ቅዱስ ጊዮርጊስን ከላይ አድርገው ሣሉ፤ ድሉም በዓይናችን የሚታየን በእነሱ በኩል ነው። ከዓድዋ 17 ዓመት በፊት፣ ጥር 1879 (እ.ኤ.አ.)፣ ዙሉዎች ኢሳንድልዋና ላይ የእንግሊዝን ጦር ድል ነሡ። ዓለም የሚያውቀው ሥዕል ግን እንግሊዛዊው ቻርልስ ፍሪፕ የሣለው ነው፤ በመካከሉ የቆሙትም ተሸናፊዎቹ ናቸው። ለዚህ መልስ የሚሆነው ከዚያው አካባቢ ወጥቷል። ሮርክስ ድሪፍት ለእንግሊዝ ጦር 11 የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻን የተሸለመበት የጦር ሜዳ ነው፤ ከ1963 ጀምሮ ግን የሥነ ጥበብና የዕደ ጥበብ ማዕከል ነበረበት። ከማዕከሉ ሠዓሊዎች አዛርያ ምባታ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሊኖ ላይ ቀርጾ፣ ባለታሪኮቹን አፍሪካውያን አድርጎ አተመ፤ አሊና ንዴቤሌ ተረትን በክር ሸመነች። የሥዕል ትምህርት ክፍሉ በ1982 ተዘጋ። እንደገና እንዲከፈት እንጠይቃለን፤ ጎብኚ ወደ ሮርክስ ድሪፍት ሲመጣ ከጦር ሜዳው በፊት ሽመናውን እንዲያይ እናደርጋለን።

ምስሎቹ ወደ ሸለቆዎቹ ይመለሳሉ። ቅጂው ለውጭ አሳታሚ ከመሸጡ በፊት ለመንደሩ ይደርሳል። ቤተሰብ «ይህ ፎቶ አይታይ» ካለ አይታይም። ከጀርባው «የዙሉ ሴት» የሚለው ይሰረዝና «ስሟ ገና ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፋል፤ እንዲህ ሲጻፍ ሥራው እንዳላለቀ ሁሉም ያውቃል።

መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ምሲንጋ ነው። ፎቶግራፎቹ በትልቁ ታትመው፣ እጅ ላይ የሚያዙ ሆነው ይሄዳሉ፤ ዓይናቸው የደከመ እናቶች በስልክ እንዲያዩዋቸው አንጠይቅም። የሚነግሩንን ስም እነሱ እንደሚጠሩት እንጽፋለን፤ ለአንድ ፊት ሁለት ስም ከመጣም ሁለቱንም።