ኮርቲሶል መርዝ አይደለም

ባለፈው እትም የወጣ ጽሑፍ ኮርቲሶል አንጎልን የሚገድል መርዝ ስለሆነ ከሰውነት ተጠርጎ መውጣት አለበት ይለናል። ይህ አደገኛ ስህተት ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል ማመንጨት ሲሳናቸው አዲሰን የሚባለው በሽታ ይከተላል፤ ታማሚው አቅም ያጣል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ካልታከመም ይሞታል። ጧት ነቅተን እንድንነሳ የሚያግዘንም ይኸው የጭንቀት ሆርሞን ነው።

ችግሩ ያለው ሆርሞኑ ሳይበርድ ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ብሩስ ማክዩዊንና ባልደረቦቹ በአይጦች ሂፖካምፐስ፣ ማለትም ትውስታን በሚያደራጀው የአንጎል ክፍል፣ የጭንቀት ሆርሞን የሚያርፍበትን ቦታ አሳዩ። ይህ ክፍል ሆርሞኑ ሲበዛ «ይበቃል» ብሎ ዕጢዎቹን ከሚያበርዱት አንዱ ነው። ጭንቀት ሲራዘም ግን አብራጁ ራሱ ይጎዳል፤ በእንስሳት ላይ የነርቭ ሴሎቹ ቅርንጫፎች ሲያጥሩ ታይቷል።

ታዲያ አንጎልን ይገድላል ወይ? በኩሺንግ ሕመም ኮርቲሶል ከልክ ያልፋል፤ ብዙዎቹ ታማሚዎች በድብርት ይሠቃያሉ፣ ሂፖካምፐሳቸውም ሊያንስ ይችላል። የኮርቲሶሉ መጠን በሕክምና ሲስተካከል ግን ሂፖካምፐሱ መልሶ ሲጨምር ታይቷል። ሴሎቹ ሁሉ ሞተው ቢሆን ኖሮ ከየት ያንሰራራል?

ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም እንደ ኮርቲሶል የሚሠራውን ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ አንባቢ ያንን ምክር አምኖ መድኃኒቱን በድንገት ቢያቋርጥ፣ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ስለዘነጉ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። እርማቱ በሚቀጥለው እትም ይውጣ።