ቪ ቪ ቲ አይ የሚሉት ፊደሎችና የሞተር ዘይት





በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። ዳሩ ግን ቀድሞ የገቡት የቤንዚን መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት እንደሚያገለግሉን የታወቀ ነው። የነዳጅ ድጎማም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ስለ መጣ፥ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በሊትር ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል?» ብሎ ነው። ደላላውም መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ «ቪ ቪ ቲ አይ ነው እኮ! ቤንዚን አያውቅም፤ ጉልበቱም ልዩ ነው» ይላል። ገዢው የፊደሎቹን ትርጉም ሳይጠይቅ ቀብዱን ይከፍላል። የደላላው ቃል ግማሹ እውነት ነው፤ ስለ ሌላው ግማሽ ነው ይህን መጻፌ።

በሞተር ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሲሊንደር አየርና ቤንዚን የሚገባበት፥ የተቃጠለውም ጢስ የሚወጣበት በር አለው። በሮቹ ቫልቭ ይባላሉ፤ የሚከፍታቸውም ካምሻፍት የተባለው ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ በቺንጋ ወይም በካቴና ከክራንክሻፍቱ ጋር ስለ ታሰረ፥ በቀድሞዎቹ ሞተሮች በሮቹ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ቦታ አንድ ጊዜ ከፋብሪካ ተወስኖ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለተማሪዎች እንደምናስረዳው በቍጥር ልግለጸው። የአየር ማስገቢያው በር ክራንክሻፍቱ 240 ዲግሪ እስኪዞር ድረስ ተከፍቶ ይቆያል እንበል። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር በሩ ክፍት የሚሆነው ለሰከንድ 20ኛ ክፍል ነው። በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ግን ለሰከንድ 150ኛ ክፍል ብቻ ነው። አየርም ክብደት ያለው ነገር ስለ ሆነ ተነሥ ሲሉት ወዲያው አይነሣም፤ ቁም ሲሉትም ወዲያው አይቆምም። ስለዚህ ሞተሩ በኃይል ሲዞር ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላ እንኳ አየሩ በግፊቱ መግባቱን ስለሚቀጥል፥ በሩ ዘግየት ብሎ ቢዘጋ ይጠቅማል። በዝግታ ሲዞር ግን የዘገየ በር ጉዳት ነው፤ ፒስተኑ የገባውን አየር መልሶ ያስወጣዋልና። ለሁለቱም አንድ ልክ መወሰን ለታላቁም ለታናሹም ልጅ በአንድ ልክ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ይህን ለማቃለል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 የኢጣልያው አልፋ ሮሜዮ ጊዜውን የሚለውጥ መሣሪያ በገበያ መኪና ላይ አወጣ። በ1989 ሆንዳ ከዚህ አልፎ የቫልቩን የአከፋፈት ከፍታ ጭምር የሚለውጥ ሞተር ሠርቶ፥ ከ1.6 ሊትር ሞተር ያለ ተርቦ 160 የፈረስ ጉልበት አገኘ። ቶዮታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጣው፥ ዛሬ በከተማችን በብዛት የምናየው ቪ ቪ ቲ አይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ከፍታውን አይነካም፤ የአየር ማስገቢያውን ዘንግ በክራንክሻፍቱ ሲለካ 40 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዞራል እንጂ። በሚኒሞ ያዘገየዋል፤ በመካከለኛ ፍጥነት ያስቀድመዋል፤ ሞተሩ ሲጮኽ እንደ ገና ያዘገየዋል። ጥቅሙም ሞተሩ ከታች ጀምሮ እስከ ላይ እኩል መሳቡ፥ ጢሱም መቀነሱ ነው። በቤንዚን በኩል የሚገኘው ቁጠባ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ1 እስከ 5 ቢሆን ነው።

«ታዲያ የእኔ ቪትዝ ከጎረቤቴ ዲ ኤክስ እጅግ ያነሰ የሚጠጣው ለምንድን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የመጀመሪያው ምክንያት የመኪናው ቅለት ነው፤ የ1999ኙ ቪትዝ 1 ቶን አይሞላም፤ ሞተሩም 1 ሊትር ነው። ሁለተኛው ምክንያት ቤንዚኑ በኮምፒዩተር እየተለካ መረጨቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በካርቡራተር የሚሠራው ዲ ኤክስ ለወፍራም አየር የተለካውን ቤንዚን በሳሳው አየር ላይ ስለሚያፈስ ጥቁር ጢስ ያጨሳል። ኮምፒዩተሩ ግን በአየሩ ልክ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ምስጋና ለእነዚያ ፊደሎች መስጠት ትክክል አይደለም።

የሳሳውንም አየር ቪ ቪ ቲ አይ አያወፍረውም። በባሕር ዳርቻ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በእንጦጦ ግርጌ 75 ያህል ቢሰጥ ነው። ወደ አዋሽ የወረደ ነጂ መኪናው የታደሰ የሚመስለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ዘንግ የሚያዞረው ኃይል የሞተሩ ዘይት ነው። ኮምፒዩተሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዘይት መቈጣጠሪያ ያዛል፤ ዘይቱም በቀጭን መንገድ ሄዶ ዘንጉን ይገፋል። በአያሌ የቶዮታ ሞተሮች በዚህ መንገድ መግቢያ ላይ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ወንፊት አለች። ጊዜው ያለፈበት ዘይት ጥላሸት ሲይዝ የምትደፈነው እርሷ ናት። መቈጣጠሪያው ዘንጉን እንዳስቀደመ ተጣብቆ ከቀረ ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ይጠፋል።

የአንድ ባልደረባዬ መኪና እንዲህ ሆኖበት ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ የመቈጣጠሪያውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ነቀለና ሞተሩ ጸጥ ብሎ ሠራ። ሽቦው ሲነቀል የሚበራውንም የማስጠንቀቂያ መብራት ከነአምፖሉ አወጣው። ባልደረባዬ መርቆ ከፍሎ ሄደ። ዘንጉ ግን ያን ጊዜ በዘገየበት ቦታ ስለ ተቈለፈ፥ መኪናው ዳገት ላይ ደከመ፤ የቤንዚን ወጪውም በየወሩ ጨመረ። ወንፊቷን አውጥቶ ማጠብና ዘይቱን መቀየር ይበቃው ነበር። መካኒኩንም ክፉ ሰው አልለውም፤ ሙያውን የተማረው በዲ ኤክስ ላይ ነውና ማንም ስለ ወንፊቷ አልነገረውም።

ስለዚህ በበኩሌ የማሳስበው ይህን ነው። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎቻችን ለኤሌክትሪክ መኪና መካኒክ ማዘጋጀት መጀመራቸው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ ያሉትን መኪናዎች የሚጠግኑትን ሰዎች፥ የኮምፒዩተሩን ምልክት እንዲያነቡና የዘይቱን መንገድ እንዲያውቁ፥ በማታ ትምህርት ጭምር ቢያሠለጥኗቸው መልካም ነው። ጋራዦችም የሠሩትንና የነቀሉትን በደረሰኙ ላይ ይጻፉ። ባለመኪናውም ዘይት የቀየረበትን ኪሎሜትር መዝግቦ ይያዝ፤ ቁልፉን ሲከፍትም የማስጠንቀቂያው መብራት ለአፍታ በርቶ መጥፋቱን ይመልከት፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ የት እንደ ሄደ ይጠይቅ።


አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ