ብረት መደረብ ጥገና አይደለም

እህል ጭነው ከእኛ ደብረ ወርቅ በብቸና፣ በደጀን አድርገው ዓባይን የሚወርዱትን ተሳቢዎች እስኪ ከኋላ ቆማችሁ እዩልኝ። አንዳንዱ በአንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ነው የሚሄደው። ባለቤቱን ብትጠይቁት «ባሌስትራው ደክሞ ነው፣ አንድ ብረት እናስደርብበታለን» ይላችኋል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ፊዚክስ ስለማስተምር ይሆናል፤ ከልኩ በላይ የተለጠጠ ስፕሪንግ ወደ ቦታው አይመለስም። ብረት ሲደረብበት ተሳቢው ቀና ይላል፣ የፍሬኑና የጎማው አቅም ግን ያው ነው። ቀና አለ ተብሎ ደግሞ ጭነት ይጨመርበታል!

መታየት ያለበትማ ሌላ ነው። ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ አክስሉ ከመስመሩ ሸሽቶ ይሆናል። ባሌስትራው ላይ ቀጭን የዝገት መስመር ካለ ስንጥቅ ጠርጥሩ። ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ብሎን ዙሪያ ብረቱ ተፍቆ ካብለጨለጨ ብሎኑ ላልቷል። አንዱ ጎን ሲቀየር የወዲያኛውም አብሮ ይቀየር፤ አዲስና አሮጌ እኩል አይሸከሙም። ብሎኑ ደግሞ ትንሽ ከተነዳ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት፣ ይቺ ብዙ ጊዜ ትረሳለች።

ዕቃው ተወዷል ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ግን የዓባይ ቁልቁለት ላይ ከተሳቢው ፊት ሰው የሞላ ሚኒባስ አለ። ባለንብረቶች፣ ሾፌሩ «ዘንበል ብላለች» ሲላችሁ አታጣድፉት፤ ረዳቱ ባትሪ ይዞ ከሥር ይግባና ይያት።