ኢንሱሊን ቁልፍ ነው ወይስ እንግዳ?

ኢንሱሊን ምን ይሠራል ተብሎ ሲጠየቅ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «የህዋስን በር የሚከፍት ቁልፍ ነው፤ በሩ ሲከፈት ስኳር ይገባል»። ምሳሌው ለመያዝ ይቀላል፤ ፈተናም ያሳልፋል። በእኔ አመለካከት ግን የታሪኩን ዋና ተዋናይ፣ ማለትም በህዋሱ ላይ ያለውን ተቀባይ፣ ስለሚደብቅብን ልንተወው ይገባል።

እስቲ የሚሆነውን በቅደም ተከተል እንየው። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሥራውን ለመሥራት ህዋሱ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። በህዋሱ ሽፋን ላይ ከተተከለው ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። ተቀባዩ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ አልፋዎች ከውጭ ሆነው ኢንሱሊንን ይይዛሉ፣ ሁለቱ ቤታዎች ደግሞ ሽፋኑን አቋርጠው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ኢንሱሊን ሲያዝ የተቀባዩ ቅርጽ ይለወጣል። የውስጠኛው ክፍል ራሱ ኢንዛይም ስለሆነ ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት መለጠፍ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መልእክቱ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው ይተላለፋል። በመጨረሻም በጡንቻና በስብ ህዋሶች ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ ግሉት 4 የሚባሉ አጓጓዦች ወደ ሽፋኑ ወጥተው ግሉኮስን ያስገባሉ።

ታዲያ ቁልፉ የቱ ጋ ነው? ይልቁንስ ኢንሱሊን የሚመስለው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራ እንግዳን ነው። ሰምተው በሩን የሚከፍቱት ውስጥ ያሉት ናቸው።

«ምሳሌ ምሳሌ ነው፤ ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ለውጥማ ያመጣል! በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን አመንጪ ህዋሶችን ያጠፋል፤ እንግዳው ቀርቷል፣ ቤቱ ግን ጥሪ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ በኢንሱሊን መርፌ ሊተርፍ የቻለው ለዚህ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ግን ነገሩ ይለያል። እንግዳው እየተጣራ ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ቆሽትም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ኢንሱሊን ጨምሮ፣ ይጣራል፤ ውሎ አድሮ እሱም ይደክማል። ደስ የሚለው፣ ጡንቻ ሲሠራ ግሉት 4 ያለ ኢንሱሊን ጥሪም በሌላ መንገድ ወደ ሽፋኑ ይወጣል። የጓሮ በር አለ ማለት ነው።

እንግዲህ «ቁልፍ» ብቻ ተምሮ የሚመረቅ ተማሪ፣ ሁለተኛው ዓይነት ላለበት አጎቱ የእግር ጉዞ ለምን እንደሚጠቅመው በምን ያስረዳል? አንደኛው ዓይነት ላለባት እህቱስ «ስለተሻለኝ መርፌውን ልተወው» ስትል ምን ይመልስላታል? የተሻላት እንግዳው በየቀኑ በመርፌ ስለሚመጣ ነው፤ ከቀረ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከትምህርት ክፍላችን የሚወጣ ሰው ሰፈሩ የሚጠይቀው ይህንን ነው እንጂ የፎስፌት ቁጥር አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ተቀባዩን የተረዳ ተማሪ ኢንሱሊንን ብቻ ተምሮ አይቀርም። የኢንሱሊን ዘመድ የሆነው አይጂኤፍ 1 ለሰውነት ዕድገት የሚሠራው በጣም በሚመሳሰል ተቀባይ በኩል ነው። ስታንሊ ኮኸን እና ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዕድገት ፋክተሮች ግኝት ሲሆን፣ ኮኸን ያገኘው ኢጂኤፍም ተቀባዩ ታይሮሲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። በአንዳንድ የጡት ካንሰሮች ሄር 2 የተባለው የዚሁ ቤተሰብ ተቀባይ ከመጠን በላይ ይበዛል፤ ማንም ሳይጣራ ቤቱ «አቤት!» እያለ ህዋሱ ያለማቋረጥ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ የሚይዘው ይህንኑ ተቀባይ ነው። ስኳርና ካንሰር፣ ሁለት የተራራቁ የሚመስሉ ምዕራፎች፣ ደጃፉ ላይ ይገናኛሉ።

ስለዚህ መምህራኖቻችን በሚቀጥለው ፈተና «የኢንሱሊንን ሥራ ዘርዝር» ከሚሉን «ኢንሱሊን እያለ ህዋሱ ለምን አይሰማም?» ብለው ይጠይቁን። እኛም ሽምደዳውን ትተን እንዘጋጅ። የሚጣራውን ብቻ ሳይሆን የሚሰማውንም እንማር እላለሁ።