በጉንደ ወይን አካባቢ የትምህርት ቤት ጓሮ ምን ሊያስተምር ይችላል?

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚያመራው መንገድ ጉንደ ወይንን አልፎ ይሄዳል። ከተማዋ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ማዕከል ስትሆን፣ በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ኑሮው በእርሻ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ አካባቢ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ደብተር ከመያዙ በፊት ከብት ጠብቋል፤ አርሟል፤ ከአዝመራ ላይ ወፍ አባርሯል። ስንዴን ከገብስ ገና በቡቃያው ይለያል። ይሁን እንጂ ክፍል ከገባ በኋላ ስለ ዕፅዋት የሚማረው በአብዛኛው ከጥቁር ሰሌዳ ነው። "ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል" እያለ በቃሉ ያጠናል፤ ተክሉ ግን ከመስኮቱ ማዶ ቆሟል።

ትምህርትን ከእርሻ ጋር የማገናኘቱ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን በትምህርት ቤቶች የእርሻ ትምህርት ይሰጥ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል፤ የአካባቢ ሳይንስ የተባለውም ትምህርት ስለ አፈር፣ ስለ ውኃና ስለ ዕፅዋት ያስተምራል። በመሆኑም ለጉንደ ወይን ልጅ ቋንቋው እንቅፋት አይሆንበትም። የጎደለው እጅን በአፈር ውስጥ አድርጎ መማር ነው።

ጓሮ ያለው ትምህርት ቤትም ቢሆን ጓሮውን የሚያየው ብዙውን ጊዜ እንደ ገቢ ምንጭ ነው። ነገሩን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ መደብ ላይ ሽምብራ ቢዘራና ምርቱ በሄክታር 20 ኩንታል ቢታሰብ፣ የሚገኘው 20 ኪሎ ብቻ ነው። 500 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት ይህ ለእያንዳንዱ ልጅ 40 ግራም፣ ማለትም አንዲት እፍኝ ቆሎ መሆኑ ነው። ለዚህ ሲባል ልጆችን ማስቆፈር ትርፉ ምንድን ነው? ከዚህም የከፋ አለ፤ ያረፈደ ተማሪ ዶማ ተሰጥቶት የሚቀጣበት ጓሮ ይገኛል። እርሻ ቅጣት መሆኑን በትምህርት ቤት የተማረ ልጅ፣ ነገ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ቢነገረው በምን ጆሮ ይሰማል?

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነው። ትምህርት የሚዘጋው ዝናቡ ሲጀምር፣ የሚከፈተውም ዝናቡ ሲወጣ ነው። በሰኔ የተተከለ ጎመን ሐምሌንና ነሐሴን ያለ ጠባቂ ይከርማል፤ በኅዳር የተተከለው ደግሞ ውኃ ይፈልጋል። የውኃ ቧንቧ በሌለበት ግቢ ውኃ ተሸካሚው ያው ተማሪው ነው፤ ይልቁንም ሴቷ ተማሪ። ብዙ ጓሮ ተጀምሮ የሚቀረው በልጆች ስንፍና ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ገበሬው ግን ይህን እንቆቅልሽ ከጥንት ጀምሮ ፈትቶታል። በዋልካ መሬት ላይ ሽምብራን የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። ሽምብራው አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት አድጎ በጥርና በየካቲት ይሰበሰባል። ይህም ከመጀመሪያው የትምህርት መንፈቅ ጋር ከሞላ ጎደል ይገጥማል። ውኃ መሸከም የለበትም፤ ለመቶ ካሬ ሜትር የሚበቃውም ዘር አንድ ኪሎ ገደማ ነው።

ትምህርቱ ከዘሩ ይጀምራል። ልጆች 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልላሉ፤ ከሳምንት በኋላ የበቀለውን ይቆጥራሉ። የበቀለው 60 ብቻ ከሆነ ዘሩ መለወጥ ወይም መጠኑ መጨመር እንዳለበት የሂሳብ ትምህርቱ ራሱ ይነግራቸዋል። ይህን ሙከራ ቤቱ ወስዶ በአባቱ የጤፍ ዘር ላይ የሚሞክር ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ለቤተሰቡ የሚጠቅም ነገር ይዞ ገባ ማለት ነው።

ሽምብራው ሲያብብ አንድ ተክል ሥሩ ሳይበጠስ በጥንቃቄ ተቆፍሮ ይወጣል። በሥሩ ላይ ትናንሽ ቋጠሮዎች ይታያሉ። በጥፍር ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ፣ በውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ለተክሉ በመስጠት ላይ ናቸው። ገበሬው እህልን ከጥራጥሬ ጋር እያፈራረቀ የሚዘራበት አንዱ ምክንያት እዚያ ቋጠሮ ውስጥ አለ። አባት መሬቱ እንደሚታደስ ያውቃል፤ ልጅ ደግሞ በምን እንደሚታደስ በዓይኑ ያያል። ቅጠሉን ሲቀምሰው የሚኮመጥጠውም ተክሉ ከላዩ በሚያመነጨው አሲድ ነው። ይህን ጣዕም እረኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምክንያቱን የሚነግረው ግን እምብዛም አልነበረም።

ሁለት መስመር በመስከረም አጋማሽ፣ ሁለት መስመር ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢዘራና የእያንዳንዱ ተክል ፍሬ ቢቆጠር፣ ልጆች ማወዳደር ምን እንደሆነ ይማራሉ። እርግጥ በታኅሣሥ እሸቱን ከልጆቹ ከራሳቸው ማን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አንድ መስመር አስቀድሞ ለእሸት ቢመደብ ሳይሻል አይቀርም።

ከሌላው ዓለም የተገኘውም ልምድ ይህንኑ ይደግፋል። መቀመጫውን ታይዋን ያደረገው የዓለም አትክልት ማዕከል በኔፓል ባካሄደው ጥናት፣ የትምህርት ቤት ጓሮ ብቻውን የልጆችን ዕውቀት ቢያሳድግም አትክልት የመብላት ልማዳቸውን ጉልህ በሆነ ሁኔታ አልለወጠም። በኋላ በተደረገው ሥራ የትምህርት ቤቱ ጓሮ ከቤት ጓሮ ጋር ሲያያዝ ግን ልጆቹ የሚበሉት አትክልት ጨመረ። ይህ ለአማራ ክልል የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የክልሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ።

መምህሩ ይህን ሁሉ ብቻውን እንዲሠራ መጠበቅ አይገባም። በቀበሌው የሰብል ልማት ባለሙያ አለ። ባለሙያው በመንፈቁ ሦስት ቀን፣ ማለትም በዘር ጊዜ፣ በአበባ ጊዜና በአጨዳ ጊዜ ቢገኝ ይበቃል። ምርቱ የማን እንደሚሆን ደግሞ ከዘሩ በፊት ከወላጆች ጋር መወሰን አለበት፤ ሽምብራው ከተወቃ በኋላ የሚነሳ ክርክር የሚቀጥለውን ዓመት ጓሮ ያስቀራል።

ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ በተነሳው የትጥቅ ግጭት ምክንያት፣ በምሥራቅ ጎጃም ጭምር በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሕፃናት የትምህርት ዓመታት አምልጠዋቸዋል። በአሥራ አንድ ዓመቱ ሁለተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ፣ በቀረባቸው ዓመታት ሞፈር ሲይዝ የከረመ ነው። ከታናናሾቹ ጋር ተቀምጦ ፊደል ሲቆጥር ያፍራል፤ መደቡ ላይ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቅ እሱ ነው። ወደ ክፍል የተመለሰውን ልጅ ክፍል ውስጥ ለማቆየት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ኪሎ ዘር በነሐሴ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። የተማሪዎች ምዝገባ እስከ መስከረም መጨረሻ ሲጓተት ሽምብራው አይጠብቅም፤ ዋልካው መሰንጠቅ ከጀመረ በኋላ የተዘራ ፍሬ የሚያገኘው እርጥበት ጥቂት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የመጡት ልጆች አሥርም ቢሆኑ ዘሩን በእነሱ መጀመር ይሻላል።