በውዱእ ውሃ የሚያድገው አትክልት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አበባ ማጠጣት ቤተሰብን የሚያጨቃጭቅ ጉዳይ ነው። ልጆች በረንዳው እንዲለመልም ይሻሉ፤ እናት ደግሞ በጀሪካን የተጠራቀመውን ውሃ ለምግብና ለጠሃራ ትሳሳለታለች። እናት እውነት አላት፤ ውሃን ያለ አግባብ ማፍሰስ ኢስራፍ ነውና። ልጆችም አልተሳሳቱም፤ ሙስሊም ከተከለው ነገር ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲመገብ ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋልና። በዛሬው ጽሑፋችን ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ አንድ አትክልት ልናስተዋውቃችሁ ወደድን። ስሙ ሲደም ይባላል።

ሲደም ከአገራችን እንዳሁላ ጋር ከአንድ የዕጽዋት ቤተሰብ የሚመደብ፣ ቅጠሉ ወፍራምና ውሃ ያዘለ ተክል ነው። በዓለም ላይ ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት። መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ቁልቁል የሚንጠለጠል፣ ቀጥ ብሎ የሚቆምም አለ። አብዛኞቹ ዕጽዋት የተቃጠለ አየር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ለማስገባት የቅጠላቸውን ቀዳዳዎች ቀን ስለሚከፍቱ በፀሐይ ብዙ ውሃ ይተንባቸዋል። ብዙዎቹ የሲደም ዝርያዎች ግን ውሃ ሲያጥራቸው ቀዳዳዎቹን ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ። ሌሊት ያስገቡትን በአሲድ መልክ አስቀምጠው፣ ቀን የፀሐይ ብርሃን ሲያገኙ ምግብ ይሠሩበታል። ሱብሐነላህ! ለደረቅ ድንጋይ የተፈጠረው ተክል ለድንጋይ የሚሆን ስንቅ ተሰጥቶታል።

ጥልቅ አፈርም አይሻም። በአሜሪካ ዲርቦርን ከተማ የሚገኘው የፎርድ መኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 አራት ሄክታር ገደማ የሚሆን ጣሪያውን በሲደም አልብሶታል። በፋብሪካ ጣሪያ ላይ የሚያድግ ተክል በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ማደጉ አያስገርምም።

ለመትከል የተቆረጠ ጀሪካን ወይም አሮጌ ሳፋ ይበቃል። ዋናው ነገር ከሥሩ መበሳቱ ነው። ግማሹን ለም አፈር፣ ግማሹን ደግሞ ደቃቅ ጠጠር ወይም ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ ጠጠር ቀላቅሉ። ፍግ አታብዙበት፤ ሲጠግብ ግንዱ ይለሰልስና ይወድቃል። ፀሐይ በደንብ የሚያገኝበት ቦታም አስቀምጡት።

ውሃውን በተመለከተ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። እኛ እስከዚያ ባንደርስ እንኳ፣ አምስት ሰው ባለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን ሦስት ጊዜ በአንድ አንድ ሊትር ውዱእ ቢያደርግ 15 ሊትር ይሆናል። ይህን ሳሙና ያልነካውን ውሃ በሳፋ ብንቀበለው ሲደማችንን አጠጥቶ ይተርፋል። ለአንድ ትንሽ ማሰሮ በበጋ በሳምንት አንድ ብርጭቆ ያህል ይበቃል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እርጥበት ካገኛችሁ ተዉት። ቅጠሉ ሲጨማደድ ጠምቶታል፤ ቢጫ ሆኖ ሲልፈሰፈስ ደግሞ ውሃ በዝቶበታል። የተጠማው ሲጠጣ ይመለሳል፤ ሥሩ የበሰበሰው ግን አይመለስም። ሲደምን ከጥማት ይልቅ የሚገድለው የሚወደው ሰው እጅ ነው።

ብዙዎች የሚፈሩት መከርከሙን ነው። በክረምት ደመናው ብርሃን ስለሚያሳጣው ግንዱ ይመዘዛል፣ ይቀጥናልም። እንግዲህ ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት፣ በንጹሕ መቀስ የግንዱን ሲሶ ያህል ከቅጠል መብቀያው ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጫፉ ሲቆረጥ ከጎን አዳዲስ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ተክሉም ይሞላል፣ ነፋስም አይጥለውም። የደረቀ አበባም ይነሳ። ቁራጩን ግን አትጣሉ። ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩትና ቁስሉ ሲደርቅ አፈር ላይ ትከሉት። ወዲያው አታጠጡት፤ ይበሰብሳል። በብዙዎቹ ዝርያዎች የወደቀች አንዲት ቅጠል እንኳ ሥር ታወጣለች።

ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ አንዳንድ ዝርያዎች ሲበሉ ሆድ ስለሚያውኩ ሕጻናት እንዳያኝኩት ይጠበቅ። ሁለተኛ፣ የጎረቤት ሐቅ አለ። ከላይ ፎቅ የሚንጠባጠብ ውሃ የታችኛውን ሰው የታጠበ ልብስ ያቆሽሻል፤ በቅጡ ያልታሰረ ማሰሮም አላፊ አግዳሚ ላይ ይወድቃል። ከማሰሮው ሥር ሳሕን አድርጉ፣ ገመዱንም አጥብቁ። ጎረቤትን እያስከፉ የሚገኝ ልምላሜ ይቅርብን።

ወላጆች ሆይ! ይህን ሥራ ለልጆቻችሁ አስረክቧቸው። በየሳምንቱ ጣቱን አፈር ውስጥ ከትቶ «ዛሬ አያስፈልገውም» ብሎ ብርጭቆውን የሚመልስ ልጅ፣ ቧንቧ ከፍቶ ሲረሳ ማየት ይከብዳል። ወጣቶች ሆይ! ጥቅምት ላይ ከቆረጣችሁት አንዱን ቁራጭ ለእናንተ፣ ሌላውን ለጎረቤት አድርጉ። ሙስሊም ይሁን አይሁን፣ በር አንኳኩታችሁ ስጡት። ሲያብብ ንብና ቢራቢሮ ይመገቡበታል፤ ሰላምታም በዚያው ይለመዳል።

አላህ (ሱ.ወ.) ውሃችንንም ጉርብትናችንንም ይባርክልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።