የፈረንጁ ቅዳሜ እና የእኛ ቅዳሜ

አዲስ አበባ የሚኖር ፈረንጅ ቅዳሜ ጠዋት የት እንዳለ መገመት ከባድ አይደለም። የጫማውን ክር አጥብቆ ወደ እንጦጦ ወጥቷል፤ አለዚያም ሱባ ጫካ ውስጥ ነው፤ ቀን ከተረፈው ደግሞ ወንጪ ደርሶ ይመለሳል። በቡድን የሚሮጥ አለ፣ አቅርቦ ማሳያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወፍ የሚፈልግ አለ፣ ዝም ብሎ የሚሄድም አለ። ማታ ቤቱ ሲገባ ያየውን ይጽፋል። ስለ ወፉ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ታክሲ ሰልፉ፣ ስለ መብራት መጥፋቱ ይጽፋል። እግረ መንገዱንም ስለ አገራችን ፖለቲካ አስተያየቱን ጣል ያደርጋል።

የእኛስ ቅዳሜ? ልብስ አጠባ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ዕቁብ፣ ኳስ፤ የተረፈው ሰዓት ስልክ ላይ። በዚህ ማንንም አንወቅስም። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ቅዳሜ ተራራ ለመውጣት እግሩ እምቢ ቢለው አይገርምም። የሚገርመው ሌላ ነው። በእግር መሄድን ፈረንጁ ሲያደርገው «ሆቢ» ይባላል፤ የሰፈር ልጅ ሲያደርገው ግን «ሥራ ፈት» ወይም «የታክሲ አጥቶ ነው» ይባላል። ይህች ልዩነት ትንሽ ትመስላለች እንጂ ብዙ አስከፍላናለች። ስለ ገዛ ሰፈራችን ራሳችን ሄደን፣ ራሳችን አይተን የመጻፍ ልማድ አሳጥታናለች።

ለዚህ ዘነበወርቅ ጥሩ ማሳያ ነው።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአጼ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። ልዕልቷ ገና በወጣትነታቸው ሲያርፉ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ በስማቸው ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በውጭ ሚሲዮናውያን እጅ ሥራ በጀመረው በዚህ ሆስፒታል ዙሪያ ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ጎጆ ቀለሱ፣ ልጅ ወለዱ፣ ሰፈር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተባለው ማሠልጠኛ እዚያው ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ሥራ ጀመረ። ሀንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኙ ኖርዌያዊ ሐኪም ናቸው። እናም ቦሌ እንደ ዛሬው ሳትሆን በፊት ዘነበወርቅ ላይ ፈረንጅ ማየት ብርቅ አልነበረም። የቀረው ከተሜ ግን የሰፈሩን ስም ከበሽታው ጋር አጣብቆ ስለያዘው፣ ብዙ ሰው ዘነበወርቅን የሚያውቀው ሳይረግጠው ነው። ከሩቅ የመጣው እንግዳ ሲገባበት፣ ሁለት ሰፈር አልፎ የሚኖረው ዘመድ ፊቱን አዞረ።

እንዲህ ካሉ እንግዶች አንዱን እናንሣ። ኧርነስት ፕራይስ ይባላሉ። በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና የሠሩ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የገበሬውን እግር የሚያሳብጠው በሽታ፣ በእኛ አጠራር ዝሆኔ፣ ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ ነበር። በሌሎች አገሮች ይህ እብጠት ትንኝ በምታስተላልፈው ትል ይመጣል። የእኛ ደገኞች ላይ ግን ትሉ አልተገኘም። ፕራይስ በሽታው ያለበትን ቦታ ከአፈሩና ከአየሩ ጠባይ ጋር አስተያዩት። የሚታመመው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር ባለበት ደጋ ላይ በባዶ እግሩ የሚሄደው ሰው ሆኖ ተገኘ። በሽታውን «ፖዶኮኒዮሲስ» አሉት፤ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ ስም ነው። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በደንብ መታጠብ ነው። በቃ።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ቀዩን አፈር ከፕራይስ በፊት ገበሬው ያውቀዋል፤ እግሩ ሥር ነው ያለው። የትኛው መንደር እንደሚታመም፣ የትኛው እንደማይታመም ያውቃል። ያልነበረው ነገር ያየውን ጽፎ ከሌላው መንደር ጋር የሚያስተያይበት ዕድል ነው። ደስ የሚለው ታሪኩ እዚያ አልቆመም። ከዓመታት በኋላ በሽታው በአገሪቱ የት የት እንዳለ የሚያሳየውን አገር አቀፍ ካርታ ያወጣውን ጥናት የመሩት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ከበደ ደሪቤ ናቸው። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገመታል። የጀመረው እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ እስከ ዳር የሚያደርሰው ግን ባለአገሩ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቀለል ይላል። ሪቻርድ ኔሩርካር በአትላንታ ኦሊምፒክ ማራቶን 5ኛ የወጣ እንግሊዛዊ ሯጭ ነው። ኑሮውን አዲስ አበባ አድርጎ ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጋር ታላቁን ሩጫ በኢትዮጵያ በማቋቋም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2001 የመጀመሪያው ሩጫ ሲካሄድ 10 ሺህ ሰው ተመዘገበ። አገራችን ከአበበ ቢቂላ ወዲህ ሜዳሊያ የሚያመጣ ሯጭ ቸግሯት አያውቅም። የባንክ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ እናትና ልጅ አብረው በአስፋልት ላይ ለደስታ የሚሮጡበት እንዲህ ያለ ትልቅ ቀን ግን አልነበራትም። ዛሬ ተሳታፊው ከ40 ሺህ አልፏል፤ ቲሸርቱን ያላገኘ ሰው ያኮርፋል። ትናንት የፈረንጅ ነገር ይመስል የነበረው ለደስታ መሮጥ ዛሬ የእኛ ሆኗል። ለደስታ መሄድ፣ ለደስታ ማየትና መመዝገብ የእኛ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው ከዘነበወርቅ ብዙም አይርቅም፤ ቆሼ ነው። ቆሼ ሲነሣ አስቀድሞ መነሣት ያለባቸው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ያለቁት ከ110 በላይ ወገኖቻችን ናቸው። እዚያ ቤት ሠርተው፣ እዚያ እንጀራ ፈልገው፣ እዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። ነዋሪው ክምሩን በየቀኑ እያየ ሲኖር፣ የአብዛኛው ከተሜ ዓይን ግን ወደዚያ የዞረው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። አጠገብ የሚኖር ሰው ያየው ነገር የሚመዘገብበትና የሚሰማበት መንገድ ሲጠፋ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ከቆሻሻ መጣያና ከቄራ የማይጠፋ አንድ ወፍ አለ፤ ጥንብ አንሳ። በከተማችን ሰማይ ላይ ሲያንዣብብ ስለምናየው የማያልቅ ይመስለናል። ነገር ግን ራሱ መላጣ፣ ላባው ቡናማ የሆነው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። ቢጠፋስ ምን ይቀርብናል? የሕንድን ታሪክ እንይ። እዚያ ለከብት ሕክምና የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት የአንዳንድ ጥንብ አንሳ ዝርያዎችን ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ጨረሰው። ጥንቡ ለውሻ ቀረ፣ የባዘነ ውሻ በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ ከፍ አለ። ጥፋቱን ቀድሞ ያየው ቪቡ ፕራካሽ የተባለ ሕንዳዊ ተመራማሪ ነው። በ1980ዎቹ በአንድ ፓርክ ውስጥ ጎጆዎቻቸውን ቆጥሮ ስለነበር፣ በ1990ዎቹ ተመልሶ ሲቆጥር ጎጆዎቹ ባዶ መሆናቸውን አወቀ። መጀመሪያ ያልተቆጠረ ነገር መጥፋቱም አይታወቅም።

እኛ ጋ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከተመሠረተ ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዘመን ተቆጥሯል። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ጠዋት ጠዋት በጣሪያችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የትም የለም። እሱን ለማየት ፈረንጁ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ውቅያኖስ ይሻገራል። እኛ ደግሞ ቀና ማለት ይበቃናል።

ይህን ስንል የእንግዳው ዓይን ሁሌ ልክ ነው ማለታችን አይደለም። ወፍ ሲቆጥር ብዙ አይሳሳት ይሆናል፤ ስለ ኑሯችን ሲጽፍ ግን የቆመበት ቦታ ይወስነዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዙን በዶላር የሚቀበል የውጭ ሰው በብር የሚገዛው ብዙ ነገር ቀለለው። ዘነበወርቅ የሚኖር የቀን ሠራተኛ ግን ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ የልጁ ጫማ ከበደው። ሁለቱም ስለዚያ ውሳኔ ቢጽፉ ሁለት የተለያየ ጽሑፍ ይወጣል፤ ሁለቱም ውሸት አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ብቻ ተጽፎ ሲቀር ነው። ደግሞም ነገሩ ሲከፋ አንደኛው ፓስፖርቱን ይዞ ይሄዳል። ሌላው ይቆያል። የሚቆየው ሰው ካልጻፈ ነገ ታሪካችንን የምናነበው ከሄደው ሰው ማስታወሻ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ያዘን? ሐሜቱን ጠቅሰናል። ሁለተኛው ጥርጣሬ ነው። ፈረንጅ መነጽር ሲያነሣ ጥበቃው ፈገግ ይላል፤ የሰፈር ልጅ ሲያነሣ መታወቂያ ይጠየቃል። ሦስተኛው ቦታና ገንዘብ ነው። የኳስ ሜዳው ይታጠራል፣ መናፈሻው ትኬት ይጠይቃል። በከተማችን ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች እየተሠሩ ነው፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን መንገዱ ዳር ቆሞ ወደ ሰማይ የሚያይ ልጅ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» እየተባለ ከተባረረ መንገዱ ለማን ተሠራ? ለአስተዳደሩና ለፀጥታ ሰዎች የምንለው አጭር ነው። ክፍት ሜዳዎችን አትጨርሱብን። ወፍ የሚያይን ወጣት እንደ ወንጀለኛ አትዩት። ለእንግዳው የምትሰጡትን ፈገግታ ለባለአገሩም ስጡት።

ለእናንተ ለወጣቶቹ ደግሞ አንድ ነገር አለን። አብዛኛው ዕቃ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። «መርሊን» የሚባለው መተግበሪያ ወፍ ለመለየት ያግዛል። ነጻ ነው፤ አንዴ ዋይፋይ ባለበት ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። «ኢበርድ» ላይ ያያችሁትንና የቆጠራችሁትን ብትመዘግቡ ከመላው ዓለም መዝገብ ጋር ይቀመጣል። ወፍ የማይማርከው ወንዙን ይመዝግብ፤ መቼ እንደሞላ፣ መቼ ቀለሙ እንደተቀየረ። ሌላው የዛፎቹን፣ የድሮ ቤቶቹን፣ የምንጮቹን ነገር ይጻፍ። ዘነበወርቅ የሚኖር ደግሞ በአየር ጤና፣ በዓለምገናና በሰበታ በኩል አድርጎ የሱባን ጫካ ማየት ይችላል። በአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የሚኖሩበት ጫካ ነው። ከከተማ ስትወጡ ግን የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፣ በቡድን ሂዱ፣ ለቤተሰብም ተናግራችሁ ውጡ።

አንድ አደራ ግን አለ። ስልክ ሁሉን ይቀርጻል ማለት ሁሉ ይቀረጻል ማለት አይደለም። ሥጋ ደዌ እጃቸው ላይ ምልክት የተወባቸውን እናት፣ ቆሼ ላይ ላስቲክ የሚለቅመውን ልጅ ለ«ቪው» ብላችሁ አትቅረጹ። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ ሳይድን ብዙ የቆየው የሰው ዓይን ነው። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ሰላም በሉ፣ ቡና ጠጡ፣ ስማቸውን ጠይቁ። እሺ ካሉ ታሪካቸውን በራሳቸው አንደበት ጻፉ፤ እምቢ ካሉ እምቢ ነው።

ኑሮ ከፈቀደላችሁ በሚመጣው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብቻ ስጡ። ከቤታችሁ ተነሥታችሁ በማታውቁት ቅያስ ሂዱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያያችሁትን ጻፉ፤ ስድስት መስመር ይበቃል። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እዚያው ተመልሳችሁ ምን እንደተለወጠ አስተያዩ። ዓመት ሲሞላ እጃችሁ ላይ ያለው መዝገብ እንግዳውም፣ አስተዳደሩም፣ እኛ ጋዜጠኞቹም የሌለን ነገር ይሆናል። ያኔ ስለ ዘነበወርቅ መጻፍ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ እናንተን ይጠይቃል።